ሰማዩ ጠላን
ስለ ወረታ የጠላ ቤት ጨዋታ

የአማርኛን ቅኔና ጨዋታ የሚመረምሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዐይናቸውን የሚጥሉት በዐደባባይ በተነገረው፥ በሰርግና በልቅሶ በተገጠመው፥ ወይም በብራና በተጻፈው ላይ ነው። በጠላ ቤት መደብ ተቀምጦ፥ ጣሳውን በጉልበቱ አስደግፎ፥ ስለ ሰማይ መክበድና ስለ ጠላ መመናመን የሚነጋገረውን ሰው ግን ሥራ እንደ ፈታ ቈጥረው ያልፉታል። ይህ ማለፍ አይገባም ነበር። የወረታ ጠላ ቤት ጨዋታ፥ ይልቁንም በጸደይ ወራት የሚሰማው፥ ተደምጦ ሊመሰገንም ሊነቀፍም የሚገባው ንግግር ነውና።

ጸደይ ሲባል የመስከረምን አበባ የሚያስብ አንባቢ አይጠፋም፤ ዛሬ ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ይጠራዋልና። በሊቃውንት አቈጣጠር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወራት ነው። ይኸውም ሙቀቱ የሚበረታበት፥ ደመናው እየጠቈረ ዝናሙ መጣሁ ብሎ የሚቀርበት፥ ገበሬውም ሞፈርና ቀንበሩን አንሥቶ ሰማይ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ነው።

ወረታም ያለችው ለእንዲህ ያለው ጨዋታ በተመቸ ስፍራ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ያልፍባታል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያወጣውም በዚያው አካባቢ ይገነጠላል። በስተ ምዕራቧ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ተዘርግቷል፤ ርብና ጉማራ ያጠጡታል፥ በክረምትም ያጥለቀልቁታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ሆነው ሁሉ ሰውን ከቤቱ ያስወጡበት ጊዜ አለ። እንግዲህ መንገደኛና ገበሬ፥ ደገኛና ሜዳ ወራጅ በአንድ መደብ ላይ ይገናኛሉ። የቤቱም ምልክት በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው።

ሰማይና ጠላ ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር፥ አጠማመቁን ያላየ ነው። ብቅሉ በቅሎ ሲያበቃ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ የጌሾውም ቅጠል እንዲሁ። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ከዚያ ጥንስሱ ይጣላል፤ ቂጣው ተጋግሮ ይቈረስና ድፍድፍ ይሆናል፤ አሻሮው ተቈልቶ ተፈጭቶ እንኵሮው ይገባል። ይህ ሁሉ ሥራ የሚጀምረው በግቢ ውስጥ በተሰጣ ብቅል ነው። ደመናው ሳይገለጥ የሰነበተ እንደ ሆነ ብቅሉ ይሻግታል፤ ብርዱም ካለ ጥንስሱ ይዘገያል። ስለዚህ ኮማሪቷ ስለ ሰማይ ስትናገር ስለ ኑሮዋ ትናገራለች።

ምርጡ ጨዋታ የሚወለደው ከዚህ ነው። ኮማሪቷ ስጡን ከግቢ ወደ ቤት እያስገባች «ዘንድሮስ ሰማዩ ጠላን» ትላለች። ከመደቡ አንዱ ጣሳውን ሳያወርድ «ጠላንማ ምን አደረገው፥ እታለም?» ብሎ ይመልሳል። የቅኔ ተማሪ ይህን ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፍም። እርሷ በግሥ የተናገረችውን እርሱ በስም ሰማው፤ እርሷ «ጠላን» ስትል ሰማዩ በእኛ ላይ ጨከነ ማለቷ ነው፥ በእርሱ ጆሮ ግን ከጋን የሚቀዳው ጠላ ሆኖ ገባ። ኅብሩ በአንድ ቃል ላይ ዐርፏል፤ አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም። ደግሞም የሰውየው መልስ ቀልድ ብቻ አይደለም። ሰማዩ ጠላን ያደረገው ነገር አለና፥ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሰሙም እውነት ወርቁም እውነት ሲሆን ቅኔ ትበረታለች፤ ቃሉ በብዙ አፍ ያረጀ ቢሆን እንኳ በዚያ ግቢ፥ በዚያ እርጥብ ብቅል ፊት፥ አዲስ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሩዙ ገበሬ ከማዶ «ይጥቈርልን እንጂ!» ሲል ጨዋታው ይጠነክራል። ሩዝ በፎገራ የቈየ እህል አይደለም፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ርዳታ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት የተጀመረ ነው፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለውም ዘር ስሙን ከዚያ አገኘ። ዛሬ ሜዳውን ሸፍኖታል፤ የአገሪቱም የሩዝ ምርምር ማእከል በዚያው በወረታ ነው። ቀድሞ ውሃ የተኛበት ማሳ ያስለቅስ ነበር፤ አሁን ውሃ ያልደረሰበት ያስለቅሳል። በአንድ መደብ ላይ፥ በአንድ ደመና በታች፥ አንደኛዋ ስትከፋ ሁለተኛው ደስ ይለዋል። ደስ ያለውም ሰው የሚጠጣው የከፋትን ሴት ጠላ ነው። ሩዙም ራሱ ከእንጀራው ዐልፎ ወደ ጋኑ ገብቷል፤ ለጠላም ለዐረቄም ይውላል። እንዲህ ያለውን መገለባበጥ ብዙ የተደከመበት የመድረክ ድርሰት አያገኘውም።

ነገር ግን ጨዋታው ሁልጊዜ በዚህ ልክ አይቈይም። ከሁለተኛው ጣሳ በኋላ ነገሩ ወደ ቢራ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ይላላል። «ቢራ የጠላ ጠላት» የሚለው ቃል ይመጣል፥ ሁሉም ይስቃል፥ ንግግሩም እዚያው ይሞታል። ድምፅ ከድምፅ ገጥሟል፤ ከድምፁ በታች ግን የተመረመረ ነገር የለም። ቢራ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው፤ ዳሽንም በጎንደር ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጠርሙስ ወራት ይቈያል፥ በመኪና ይጫናል፥ በየስፍራው አንድ ዐይነት ነው። ጠላ ግን በጥቂት ቀን ይሆመጥጣል፤ የአንዷ ቤት ከሌላዋ አይመሳሰልም፥ ጌጡም ጕዳቱም ይኸው ነው። ደግሞ ከጕና ተዳፋት የሚወርደው የደጋ ገብስ ዛሬ ሁለት ጌታ አለው፤ አንዱ ጋን ነው፥ ሁለተኛውም የብቅል ፋብሪካ። ይህን ሁሉ ትቶ «ጠላት» በማለት መዝጋት ስንፍና ነው። ገብሱን የምትገዛዋ ኮማሪት በዚህ ጊዜ ዝም ማለቷ አያስደንቅም።

በእንግሊዝ አገርም መጠጥ ቤት ገብቶ ሰማዩን ማማት የታወቀ ልማድ ነው። እዚያ ግን ጠጪዎቹ ከማማት ዐልፈው፥ እ.ኤ.አ. በ1971 የቀድሞውን ዐይነት ቢራ ከፋብሪካው ቢራ ለማዳን ማኅበር አቁመዋል። የወረታው ጨዋታ እንዲህ ያለ ፍሬ አላፈራም። ጠላን እስከ ዛሬ ያቈየው ሌላ ማኅበር ነው፤ በየወሩ በጻድቃንና በሰማዕታት ስም ጽዋ የሚያነሣው፥ ለዝክርና ለሰንበቴ ጋን የሚያስጥደው። ለዚያ የሚጠመቀው ግን በየቤቱ ነው፤ በመሸጥ ለምትኖረው፥ ብዙውን ጊዜ ባሏ ለሞተባት ወይም ለፈታችው ሴት፥ ዋጋ አያስገኝላትም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፥ እርሱን የማያስተውል ሐያሲ ጨዋታውን በግማሽ ይሰማዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ገብቶ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ቈይቷል። መንገድ ሲዘጋ ገብስ አይወርድም፥ ሹፌርም አያድርም፥ መደቡም ይራቈታል። ስለ መንገድ ለመናገር የማይደፍር ሰው ደግሞ ስለ ደመና ይናገራል። «ዛሬስ ከብዷል» ይላል አንዱ ወደ ደጅ እያየ፤ «ይገለጥ ይሆናል» ይላል ሌላው። ከዚህ በላይ አይጨምሩም። ኅብርም የለው፥ ቤትም አይመታ፤ ነገር ግን ከ«ቢራ የጠላ ጠላት» ይልቅ ይህ ይበልጣል፤ ወርቁን የሚያውቁት የተቀመጡት ሁሉ ናቸውና፥ ማንም አይፈታውም።

እንግዲህ ጨዋታ የሚሰበስብ ሰው ወደዚያ የወረደ እንደ ሆነ፥ ቃሉን ብቻ ለቅሞ እንዳይመለስ። «ሰማዩ ጠላን» የተባለበትን ቀን፥ ብቅሉ በግቢ ወይስ በምድጃ ዙሪያ ተሰጥቶ እንደ ነበረ፥ ከጠጪዎቹም የሩዝ ገበሬ ማን እንደ ሆነ ይጻፍ። ጥንስስ፥ ድፍድፍ፥ አሻሮ፥ እንኵሮ፥ ጉሽ፥ ቅራሪ የሚሉትንም ቃላት ከኮማሪቷ አፍ ይቀበል፤ ጋኑን የምታጥበው ሴት ልጇ በግሮሰሪ ጠርሙስ ከምትከፍት ቈይታለች፥ የእነዚህንም ስም እኩሌታ አታውቅም።