የጓሮው አውጫጭ

በሐዋሳ ከተማ በጉዱማሌ አካባቢ በቅርቡ ቤት ሠርቶ የገባ፣ ጓሮውንም በፓፓያ፣ በዘይቱንና በጥቂት እንሰት የሞላ አንድ ጎልማሳ፣ ስለ አትክልት የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልግ ሰዎች ወደ እኔ ጠቁመውት መጣና፣ ገና በወጉ ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ለጦጣ የሚሆን መርዝ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ጓሮህን የበላው ጦጣ መሆኑን በምን ዐወቅህ?» አልሁት። «ኧረ ጋሼ፣ ግንቡ ላይ ተቀምጦ በዓይኔ አየሁት!» አለኝ። በግንብ ላይ መቀመጥ ግን በየትኛውም ሕግ ወንጀል ሆኖ አያውቅም።

ስለ አጥር፣ ስለ ውሻ፣ ስለ አመድና ስለ ሚጥሚጣ የጓሮ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እዚህ መድገም አያሻኝም። እኔ ዘመኔን ሁሉ አጥብቄ የያዝሁት፣ ወዳጆቼንም ያሰለቸሁበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ማን እንደ በላ ሳይረጋገጥ በማንም ላይ እጅ አይነሣ የሚለው ነው። አባቶቻችን በአገሩ ውስጥ ስርቆት ወይም ቃጠሎ በደረሰ ጊዜ ሕዝቡን ለአውጫጭ ሰብስበው፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ያግዱ ነበር፤ ሥርዐቱ ሥራ የሚያስፈታና ንጹሑን ሰው ከበደለኛው ጋር የሚያንገላታ ቢሆንም፣ ቢያንስ ጠይቆ ለመፍረድ የቆመ ነበር። ሌባ ሻይ የሚባለው ልማድ ግን አንድ ብላቴና ዕፅ አጠጥቶ፣ ልጁ በስካር ኀይል ሮጦ ከቤቱ የወደቀበትን ሰው ሌባ አንተ ነህ ብሎ ዕዳ ያስከፍል ነበር። በየጓሯችን የምንሰጠው ብያኔ፣ እኔ እንደማየው፣ አብዛኛው የሌባ ሻይ ብያኔ ነው፤ ጦጣ በመዓልት የሚታይ፣ የሚጮኽ፣ መልኩም ወደ ሰው የሚያደላ እንስሳ በመሆኑ፣ በጨለማ የጠፋው ሁሉ ሳይቀር በእርሱ ስም ይጻፋል።

ጦጣ ሲበላ የሚተወው ማኅተም ግን አለው። በነግህና በሠርክ በመንጋ ይመጣል፤ ያልበሰለውን ዘይቱን ይቀጥፍና አንድ ጊዜ ነክሶ ይጥለዋል፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ ያደርጋል፣ የጣመውን ደግሞ ለማኘክ ጊዜ ሳያጠፋ በጉንጩ ከረጢት አጭቆ ወደ ዛፍ ይወጣል። ስለዚህ ከግንዱ ሥር አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የተነከሰ ጥሬ ፍሬ ተበታትኖ የተገኘ እንደ ሆነ ክሱ ተገቢ ነው። ጉሬዛ ግን፣ ምንም እንኳ ብዙ ሰው ከጦጣ ጋር በአንድ መዝገብ ቢያሰፍረው፣ ሌላ ፍጥረት ነው። አውራ ጣት የለውም፤ የጉንጭ ከረጢትም አልተሰጠውም፤ ሆዱ በየክፍሉ ተለይቶ ቅጠልን እያብላላ የሚፈጭ ስለ ሆነ፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱ አጸድ ረጋ ብሎ የሚኖረው ይህ እንስሳ ከሁሉ አስበልጦ የሚሻው ለጋ ቅጠልን ነው። ፍሬው በቦታው ሳለ የቅርንጫፉ ጫፍ ከተመለጠ ጉሬዛን ጠርጥር፤ ቅጠሉ ግን ተመልሶ ይበቅላልና ክሱን እንድትተውለት እለምንሃለሁ።

ፓፓያው ሌሊት የተበላ እንደ ሆነ ጦጣም ጉሬዛም ከክሱ ነጻ ናቸው፤ ሁለቱም በዛፍ ላይ ተኝተው ያድራሉና። ያን ጊዜ መሬቱን መመልከት ነው፤ ጭማቂው ተመጥጦ ተድቦልቡሎ የተተፋ የፍሬ ጭረት ከተገኘ የሌሊት ወፍ ጎብኝቶሃል። በቀን ደግሞ ጅራታቸው ከገላቸው የረዘመ፣ ጉትያ ያላቸው ግራጫ ወፎች በጭፍራ መጥተው የበሰለውን ፓፓያ በጎኑ ይቀዱታል፣ የአተሩንም ቀንበጥ ይሸራርፉታል። እነዚህ ወፎች ማለዳ ከቅርንጫፍ ተንጠልጥለው ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ሲሞቁ ማየት ለእኔ ከፓፓያው ይበልጥብኛል፤ ባለቤቴ ግን ይህን አሳቤን አትጋራውም፣ ገበያ የምትወጣው እርስዋ ስለ ሆነች አልፈርድባትም።

እንሰት ሲወድቅ ምርመራው ወደ አፈር ይወርዳል። ተክሉ ያለ ምክንያት ጠውልጎ በእጅ ሲገፋ የሚወላገድ ከሆነ፣ በአጠገቡም ትኩስ የአፈር ቁልል ከታየ፣ ከሥር ሆኖ የበላው ፍልፈል ነው፤ ለእርሱ ደግሞ አጥርም ውሻም ምንም አይፈይድም፣ ቀዳዳውን አግኝቶ ወጥመድ መትከል እንጂ። አምቾው ከውጭ ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ በላዩ የሰፋፊ ጥርስ ቦይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የታየ እንደ ሆነ ግን ጃርት ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ አንድ ወስፌ ጥሎ ይሄዳልና ማስረጃ ፍለጋ አያደክምም። ለሐዋሳ ሐይቅ የተጠጋ ጓሮ ያለው ሰው ጉማሬም ሊጎበኘው ይችላል። ጉማሬ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር ይግጣል ይባላል፤ የሚነጨው በፊት ጥርሱ ሳይሆን በሰፊው ከንፈሩ በመሆኑ ያለፈበት ሣር ተስተካክሎ አጥሮ ይገኛል፣ ባለ አራት ጣት ኮቴውም ከጭቃው ላይ ይታተማል። ለዚህ ተከሳሽ መጥሪያ የሚያደርስ ሰው ስለማይገኝ በርን ዘግቶ ማደር ይበቃል።

ዘዴዬን አጥብቆ የሚነቅፍ አንድ ጎረቤት አለኝ። «አንተ ቃል ስትቀበል ጎመኑ ያልቃል» ይለኛል፤ እርሱ ከገበያ ጥቁሩን የአይጥ ዱቄት ገዝቶ፣ ከሊጥ ጋር ለውሶ በየማእዘኑ ማኖር ነው ልማዱ። ያ ዱቄት ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ነው፤ በሆድ ውስጥ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባለውን ገዳይ ጋዝ ይወልዳል። ጨጓራ ያለው ሁሉ ለእርሱ አንድ ነው፤ አይጥ ይሁን፣ ዶሮ ይሁን፣ ከደጅ የሚጫወት ሕፃን ይሁን አይለይም። ለአይጥ ከዱቄቱ የምትሻል ጉጉት ነበረች፤ ነገር ግን የሞት ነጋሪ ናት ተብላ በድንጋይ ስትባረር፣ የጎረቤቴ ልጆችም በዚህ ሥራ ተካፋዮች ሲሆኑ፣ በእኔ ጣራ ሥር ያደረችውን ማንም እንዳይነካት ከቤቴ ሰዎች ጋር ብዙ ተሟግቻለሁ።

ማስፈራሪያ የሚያቆሙትንም አልደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1980 በኬንያ በአምቦሴሊ ስለ ጦጣ ዘመዶች የተደረገ ጥናት ታትሞ ሲወጣ፣ እነዚህ እንስሳት ለነብር አንድ፣ ለንስር ሌላ፣ ለእባብም ሌላ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዳላቸው፣ የሰሙትም እንደ ድምፁ ዓይነት ወደ ዛፍ እንደሚወጡ፣ ወደ ሰማይ እንደሚመለከቱ፣ ወይም ቆመው ሣሩን እንደሚመረምሩ አስረድቷል። ጠላቱን እንዲህ በየስሙ ለይቶ የሚጠራ እንስሳ አሮጌ ካፖርት በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ቢያይ ምን ያህል ቀን ይፈራል? ከማስፈራሪያው ይልቅ ፓፓያውን ቢጫ ሲጀምረው ቀጥፎ በቤት ውስጥ ማብሰል ይሻላል።

ጦጣው ለምን ከግንቡ ላይ ተቀመጠ የሚለውን ግን ማለፍ አይቻልም። በሐይቁ ዳር የሚዝናናው እንግዳ ሙዝና ለውዝ በእጁ እየዘረጋ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ እንስሳው ከሰው እጅ መብላት ሕጋዊ መሆኑን በቀን ተምሮ፣ በሠርክ ያንኑ ትምህርት ከእኔ ጓሮ ሲፈጽመው ሌባ ይባላል። እኔ ዳኛ ብሆን አስቀድሜ የምቀጣው ባለ ለውዙን ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ የሚጠየቀው ደግሞ ሾላና ዋርካ የሚቆርጠው ነው፤ ሾላ ፍሬ የያዘ ጊዜ የጦጣው መንጋ ከሰው ጓሮ ይልቅ ወደዚያ ያዘነብላልና። በዚሁ በጉዱማሌ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ሕዝብ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ሲከበር፣ የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ከሚመክሩበት ነገር አንዱ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ነው፤ ሐሰተኛ ምስክርነትና ስርቆትም በዚያው ምክር ይወገዛሉ። ዛፉን ከቆረጡ በኋላ በጦጣ ላይ በሐሰት መመስከር ሁለቱንም ቃል በአንድ ጓሮ ማፍረስ ሆኖ ይታየኛል።

ይህ ጠባይ ከየት እንደ መጣብኝ ባለቤቴ ደጋግማ ጠይቃኛለች። በልጅነቴ በዓባይ ቆላ የአያቴን በቆሎ ከማማ ላይ ሆኜ በወንጭፍ እጠብቅ ነበር። አያቴ ዳኝነት ተቀምጠው የሚያውቁ ሰው ነበሩና፣ ማታ ስመለስ የሚጠይቁኝ ምን ያህል እንደ ጠፋ ሳይሆን ማን እንደ በላና በየት በኩል እንደ ገባ ነበር፤ በእንቅልፌ ያለፈኝን «ዝንጀሮ ነው» ብዬ ስሸፋፍን፣ ስለ በቆሎው ሳይሆን ስለ ዝንጀሮው ስም ይቈጡኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመምህርነት ዘመኔ ከክፍል ውስጥ እርሳስ ሲጠፋ፣ በቤቴም ልጆች ሲካሰሱ፣ ፈጥኜ አለመናገሬን ሰዎች ዝግተኛነት አድርገው ቈጥረውታል፤ እኔ ግን ከማማው ያመጣሁት ብቸኛ ሀብቴ እርሱ ነው።

አያቴ በኋላ ዓይናቸው ጠፋ። አንድ ማለዳ ከእርሻው ዳር ብዙ በቆሎ ወድቆ ሲገኝ፣ ታናሽ አጎቴ ዝንጀሮ ነው ብሎ ጠመንጃ አነሣ። አያቴ አንድ አገዳ አስመጥተው ታችኛውን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱና፣ «ዝንጀሮ እሸቱን ቀንጥሶ ይሄዳል እንጂ አገዳ ከሥሩ አይቆርጥም፤ ይህ የጃርት ጥርስ ነው» አሉ። ወጥመድ ተጠመደ፤ ጃርትም ተያዘ። አጎቴ ግን፣ ዛሬ እርሱም ሽምግሎ፣ ጃርቱ የመጣው ዝንጀሮ የጣለውን ሊለቅም ነው ብሎ ይከራከራል።