ሎጂክ ስለሚባለው ቃል

በክርክር መካከል «ይህ ነገር ሎጂክ የለውም» ማለት በብዙ ወጣቶች ዘንድ ተለምዷል። ይህ ሲባል ሌላው ተከራካሪ ያፍርና ዝም ይላል። ነገር ግን ቃሉ የሚጠይቀውን ሥራ ሳይሠሩ እንደ ዱላ ማንሣት የሚነቀፍ ልማድ ነው።

ቃሉ የግሪክ ነው። መነሻው «ሎጎስ» ሲሆን፥ ቃል፥ ንግግር፥ ምክንያት ማለት ይሆናል። የዮሐንስ ወንጌል «ሎጎስ» ያለውን ግእዙ «ቃል» ብሎ ተርጕሞታል። ዐረቦችም ይህንኑ ትምህርት «መንጢቅ» ሲሉት መናገር ከሚለው ግሥ አውጥተው ነው። ትምህርቱን በሥርዓት ያቆመው አርስጣጣሊስ (ከክርስቶስ ልደት በፊት 384–322) ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ስለዚህ ጉዳይ የጻፋቸውን መጻሕፍት ሰብስበው «ኦርጋኖን» አሏቸው፤ መሣሪያ ማለት ነው።

በአማርኛ «አመክንዮ» የሚባለው ስም የ«ምክንያት» ዘመድ ስለ ሆነ የፍቺውን ግማሽ በሚገባ ይዟል፤ የቀረበት አንደበት ነው። የሀገራችን የቀድሞ ሊቃውንት ግን የሰውን ነፍስ «ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት» ሲሉ፥ ማሰብንና መናገርን ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። እንግዲህ ሎጂክ የሐሳብ መንገድ ብቻ ሳይሆን የአንደበትም ልጓም ነው።

ልጓም መሆኑ በምሳሌ ይታያል። «ሌባ በሌሊት ይሄዳል፤ ጎረቤታችን በሌሊት ይሄዳል፤ ስለዚህ ጎረቤታችን ሌባ ነው» ቢባል፥ ሁለቱ መነሻዎች እውነት ቢሆኑም መደምደሚያው አይከተልም፤ አዋላጅም በሌሊት ትሄዳለችና። ደግሞ «ሀብታም ሁሉ ሌባ ነው፤ እገሌ ሀብታም ነው፤ ስለዚህ እገሌ ሌባ ነው» ቢባል፥ መደምደሚያው ከመነሻው በሥርዓት ተከትሏል፤ መነሻው ግን ሐሰት ነው። ሎጂክ የፊተኛውን ስሕተት ይገልጣል። የኋለኛውን ለመግለጥ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሰውየውን ማወቅ፥ ነገሩን መመርመር ያስፈልጋል። በሁለቱም መንገድ ንጹሕ ሰው ስሙን ያጣል፤ ስም ደግሞ ከጠፋ በኋላ በይቅርታ ብቻ አይመለስም።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የባልንጀራህ መነሻ ሐሰት ከሆነ ሐሰትነቱን አስረዳ፤ መደምደሚያው ካልተከተለም የቱ ላይ እንደ ተቆረጠ አሳይ። ይህን ሳታደርግ «ሎጂክ የለውም» ብትል፥ ባልንጀራህን ሰደብኸው እንጂ አልረታኸውም።