ቆሞ ለሚያይ ወይስ ተጋድሞ ለሚያይ?

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ሲመዘን ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ለማን?» የሚለው ነው። ጥያቄው በሐውልትና በተውኔት ላይ ብዙ አከራክሯል። ከጨቅላ ሕፃን መኝታ በላይ በክር በሚንጠለጠለው ሞቢል ላይ ግን ሲነሣ አይሰማም፤ የቤት ጌጥ ተብሎ ይታለፋል።

የሞቢል ትውልዱ ከሠዓሊያን ቤት ነው። በምሕንድስና የሠለጠነው አሜሪካዊ አሌግዛንደር ካልደር እ.ኤ.አ. በ1930 ፓሪስ ውስጥ የሞንድሪያንን ስቱዲዮ ጎብኝቶ፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፉት ባለቀለም አራት ማዕዘኖች ቢንቀሳቀሱ ሲል ተመኘ። በ1931 ማርሴል ዱሻን የካልደርን ተንቀሳቃሽ ሥራዎች «ሞቢል» ብሎ ሰየማቸው። የሚላኖው ብሩኖ ሙናሪ ደግሞ በዚያው ዘመን ከካርቶን፣ ከቀጫጭን እንጨትና ከሐር ክር «የማይጠቅሙ መኪናዎች» ያላቸውን ይሠራ ጀመር። ወዳጆቹ፣ እርሱ ራሱ በ1966 በወጣው መጽሐፉ እንዳስታወሰው፣ ሥራዎቹን ወስደው በልጆቻቸው ክፍል ሰቀሏቸው፤ ሳሎናቸውን ያስጌጡት በካራና በሲሮኒ ሥዕሎች ነበር። ድርጊቱ ንቀት ነበር። ሆኖም ሥራው ትክክለኛ ተመልካቹን ያገኘው በዚሁ ንቀት ነው።

ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው፣ በየቤቱም አብነቱ እየታየ በእጅ የሚሰፋው ሞቢል ይህን ተመልካች ዘንግቶታል። የጨርቁ ዝሆን በጎኑ ሲታይ ዝሆን ነው፤ በጀርባው ተጋድሞ ሽቅብ ለሚያይ ግን አራት ጉጦች ያሉት ሆድ ብቻ ነው። የተቆረጠው ቆሞ ለሚያይ፣ ማለትም ለገዢው ነው። ቀለሙም እንዲሁ። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የራቀውን ሲሆን፣ ዐይኑን የሚይዘውም የጥቁርና የነጭ ግጥጥሞሽ ነው፤ ፈዛዛው ሮዝና ሰማያዊ የሚያስደስተው እንግዳን ነው። «ሕፃን ምን ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። ሕፃኑ ግን ዐይኑን ያዞራል፤ ከዚህ የበለጠ ሐያሲ ከየት ይመጣል? (በእናቱ ጀርባ በአንቀልባ ታዝሎ ለሚውል ልጅማ ዓለም ራሷ ትወዛወዝለታለች፤ ሞቢል ለብቻው ለሚተኛ የተበጀ ነው።)

የቅርፁ ምስጢር ሚዛን ነው። ሥራው ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከባዱ ወደ ማንጠልጠያው ክር ይቀርባል፣ ቀላሉ ይርቃል፤ ቋጠሮው በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲሳት በትሩ ያዘነብላል። ከታች አንድ ተጨማሪ ወፍ ልስቀል ያለ ሠሪ የላዩን ሁሉ ሳይነካ አይቀርም፤ ተውኔት ጸሐፊ በሦስተኛው ገቢር አዲስ ሰው ሲያስገባ የሚደርስበት ዕዳ ይኸው ነው። በሞተር የሚዞረው ሸቀጥ ከዚህ ሁሉ ድካም አምልጧል፤ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ አቅጣጫ ይዞራል። በእጅ የተሠራው ግን በሩ ሲከፈት ይነቃል፣ ጸጥታ ሲሆን ያንቀላፋል።

ዕድሜው አጭር ነው። ሕፃኑ አምስት ወር ገደማ ሆኖት በእጆቹ ተደግፎ ቀና ማለት ሲጀምር፣ ክሩ አንገት ሊያንቅ ይችላልና ሞቢሉ ይወርዳል።