«ማድረቅ» ብቻውን አይበቃም፤ በአንድ የወረቀት ሥራ የስያሜ ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

የወረቀት ፋብሪካን አሠራር የሚመለከት አንድ የስያሜ ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶናል። ረቂቁ የተዘጋጀው ለሙያ ማሠልጠኛ ተማሪዎችና ለማሽን ተቆጣጣሪዎች ነው። እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ከመተካቱም በላይ ከሥሩ አጭር ማብራሪያ አስከትሎለታል። ማብራሪያ የሌለው የስያሜ ዝርዝር ቃልን በቃል ከመለወጥ አልፎ ዕውቀት ስለማያስተላልፍ፣ አዘጋጆቹ ስለዚህ ድካማቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ሂሳችን ከቃሉ ጋር እንጂ ከሰዎቹ ጋር ስላልሆነ ስማቸውን አንጠቅስም።

የምናተኩረው በአንድ ግሥ ላይ ነው፤ እርሱም «ደረቀ» ነው። ረቂቁ ይህን ግሥና ከእርሱ የወጡትን «ማድረቅ»ን፣ «ማድረቂያ»ንና «ድርቀት»ን በሦስት የተለያዩ የሥራ ደረጃዎች ላይ ተጠቅሞባቸዋል። ከዚህም የተነሣ የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር እናነባለን፦ «ወረቀቱ በወንፊቱ ላይ ከደረቀና በመጭመቂያውም ከደረቀ በኋላ ወደ ማድረቂያው ይገባል።» ሁለት ጊዜ የደረቀ ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ማድረቂያ የሚገባው ለምን እንደ ሆነ ተማሪው ቢጠይቅ፣ መምህሩ የሚመልሰው አይኖረውም። ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስውን አላፈረሰም፤ ጥፋቱ የመጣው ሦስት ነገሮችን ለይቶ ካለማየት ነው።

1. የነገሩ አካሄድ

ስያሜ ከነገሩ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ነገሩን መመልከት ይገባል። ወደ ወረቀት ማሽን የሚፈሰው ፐልፕ ከመቶው እጅ ከ99 የሚበልጠው ውሃ ነው። ይህ ፈሳሽ በሚንቀሳቀስ ወንፊት ላይ ሲነጠፍ፣ ውሃው በክብደቱና በመሳቢያ ኃይል ወደ ታች ይወርዳል። ከወንፊቱ የሚነሣው ገበታ ገና 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ቀጥሎ ፌልት በሚባል ጨርቅ ታጅቦ በከባድ ድብልብሎች መካከል ሲያልፍ ውሃው ከወረቀቱ ወደ ጨርቁ ይተላለፋል፤ ያን ጊዜ ጠጣሩ ክፍል ከ40 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። በመጨረሻም ወረቀቱ ውስጣቸው በእንፋሎት በሚግል የብረት ሲሊንደሮች ላይ ተራ በተራ እየተጠመጠመ ያልፋል፤ ሲወጣም የሚቀርበት ውሃ ከ5 እስከ 8 በመቶ ብቻ ነው።

በሁለቱ የመጀመሪያ ደረጃዎች ውሃ የሚወጣው ውሃ እንደ ሆነ ነው። በሦስተኛው ግን የሚወጣው ተንኖ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በስሌት ማሳየት ይቻላል። ጠጣሩ ከመቶው ግማሽ እጅ ብቻ ከሆነ፣ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ቃጫ ጋር 199 ኪሎ ውሃ አለ። ከወንፊቱ ሲነሣ 4 ኪሎ ይቀራል። ከመጭመቂያው 45 በመቶ ጠጣር ሆኖ ሲወጣ 1.2 ኪሎ ያህል ይቀራል። ስለዚህ የእንፋሎቱ ድርሻ ከጠቅላላው ውሃ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ የማሽኑን ሙቀት አብዛኛውን የሚበላው ይኸው ትንሽ ድርሻ ነው። በመጭመቂያው ላይ ጠጣሩ ከ45 ወደ 46 በመቶ ከፍ ቢል፣ ሲሊንደሮቹ የሚያተኑት ውሃ በ4 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

እንግዲህ አንድ መመሪያ «ማድረቁ ይሻሻል» ብሎ ቢያዝ፣ ታዛዡ የሚያጠብቀው መጭመቂያውን ነው ወይስ የሚከፍተው እንፋሎቱን? በአንዱ መንገድ ነዳጅ ይቆጠባል፤ በሌላው መንገድ ነዳጅ ይባክናል። የቃል ድኅነት ወደ ገንዘብ ኪሳራ የሚለወጠው እንዲህ ነው።

2. ቋንቋው ድሀ አይደለም

አዘጋጆቹ «አማርኛ ሌላ ቃል የለውም» ይሉ ይሆናል። በዚህ አንስማማም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ ጉም የማይለየው ብርዳም ከተማ ናት። እዚያ ባና ያጠበች እናት ውሃው እንዲንጠባጠብ ስትሰቅለው «ይጠንፈፍ» ትላለች። ስትጠመዝዘው «ይጨመቅ» ትላለች። ውሃው ከላዩ ሄዶ ውስጡ ገና ርጥብ ሲሆን «ጠፈፍ ብሏል» ትላለች። «ደረቀ» የምትለው አጣጥፋ ልታስቀምጠው ስትችል ብቻ ነው። በክረምት ልብስ ጠፈፍ እንዳለ ቀናት ሊቆይ በሚችልበት አገር «ጠፈፈ»ንና «ደረቀ»ን አደባልቆ መናገር በሽታ ያስከትላልና፣ ልዩነቱን ሕፃን ያውቀዋል። ኩበት የምትጠፈጥፍም ሴት አንዱ ወገን ጠፈፍ ሲል ገልብጣ ሌላውን ለፀሓይ ትሰጣለች። ወረቀቱ ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው ሲሻገር የሚደረገውም ይኸው ነው፤ አንድ ጊዜ አንዱ ፊት፣ ሌላ ጊዜ ሌላው ፊት ከጋለው ብረት ጋር ይገናኛል።

ስለዚህ ለወንፊቱ ደረጃ «ማጠንፈፍ»፣ ለሁለተኛው «መጭመቅ»፣ ለሦስተኛው ብቻ «ማድረቅ» እንዲባል እናሳስባለን። ለመጀመሪያው «ማጥለል» ይሻላል የሚል አስተያየት ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን ጠላ ሲጠልል የሚፈለገው ፈሳሹ ነው፤ በወረቀት ሥራ የሚፈለገው ግን በወንፊቱ ላይ የቀረው ነው። «ጠነፈፈ» ትኩረቱን በቀረው ነገር ላይ ስለሚያደርግ ይመረጣል።

በዚሁ አጋጣሚ ረቂቁ ፌልትን «ብርድ ልብስ» ብሎ መተርጐሙን እናነሣለን። ፌልት ቀድሞ ከበግ ጠጕር ይሠራ ስለ ነበረ ሐሳቡ ፈጽሞ መሠረት የለሽ አይደለም። ዳሩ ግን ብርድ ልብስ ሙቀት ሲጠብቅ፣ የመጭመቂያ ፌልት ውሃ ይጠጣል፤ በዛሬው ጊዜም በአብዛኛው ከሰው ሠራሽ ቃጫ ይሠራል። «ፌልት» እንዳለ ቢቀር ጕዳት የለውም። የውጭ ቃል መቀበል የሚያሳፍረው የራስን ሳይፈልጉ ሲቀበሉት ብቻ ነው።

3. ሁለቱ ውሃዎች

የረቂቁ ከባዱ ስሕተት ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ቧንቧ በሚመለከተው ማብራሪያ ላይ ይገኛል፤ «ከወረቀቱ የወጣውን ውሃ የሚያስወግድ ቧንቧ» ይላል። የወረቀቱ ውሃ ወደ ብረቱ ውስጥ አይገባም። ተንኖ ወደ አየር ይሄዳል፤ ከሲሊንደሮቹ በላይ በተደፋው ሽፋን በኩልም ተስቦ ይወጣል። በቧንቧው የሚወርደው ውሃ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀቱን ለብረቱ ሰጥቶ ከእንፋሎትነት ወደ ውሃነት የተመለሰው ነው። ይህ ውሃ በጊዜው ካልወጣ የሲሊንደሩን የውስጥ ግድግዳ ይለብሰዋል፤ ሙቀቱ ወደ ወረቀቱ እንዳያልፍም ይከለክላል።

ማብራሪያውን ያመነ ሠራተኛ የሚያደርገውን እናስብ። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ሲያንስ «ወረቀቱ ደርቋል» ብሎ ይረካል፤ ነገር ግን ውሃው ያነሰው ቧንቧው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ርጥብ ሆኖ ሲወጣ ደግሞ የእንፋሎቱን ቫልቭ ይከፍታል። ግፊት ባለው የብረት ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ግምት የሚያስከትለው አደጋ በወረቀት መበላሸት ብቻ አያበቃም። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኀላፊነቱ እስከ ቫልቩ ድረስ እንደሚሄድ ሊያስብ ይገባዋል።

ለዚህ ውሃ «የእንፋሎት ጤዛ» የሚለውን ስም እናቀርባለን። በአንኮበር ዳገት ማለዳ የወጣ ሰው እግሩን የሚያርሰው ጤዛ ከሣሩ የወጣ ሳይሆን ከአየሩ መጥቶ በሣሩ ላይ ያረፈ መሆኑን ያውቃል። ስሙ የውሃውን ምንጭ በትክክል ያመለክታል። ጤዛ ቀዝቃዛ ነው፣ ይህ ግን የፈላ ነው የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ ተቃውሞው ተገቢ ነው። «የእንፋሎት» የሚለው ቅጽል የተጨመረው ስለዚሁ ነው፤ በማብራሪያውም ላይ ውሃው የሚያቃጥል መሆኑ በግልጥ ሊጻፍ ይገባል።

4. ውጥርና «እገዳ»

ወረቀት ሲደርቅ ይኮማተራል። ልቅ ሆኖ ከደረቀ ይጨማደዳል፤ ዳርና ዳሩም ከመካከሉ ይበልጥ ይሰበሰባል። ስለዚህ በሲሊንደሮቹ ላይ ሌላ ጨርቅ ወረቀቱን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ እንዳይኮማተርም ይከለክለዋል። ረቂቁ ይህን «እገዳ» ይለዋል። እገዳ ለሠራተኛም ለጋዜጣም ይሆናል፤ ለወረቀት ግን አይሆንም።

ብራና ፋቂዎች ይህን ጉዳይ ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። የተዘፈዘፈውን ቆዳ በእንጨት ክፈፍ ላይ በገመድ ወጥረው ይፍቁታል፤ እንደ ተወጠረም ይደርቃል። ሳይወጠር የደረቀ ቆዳ ጽሕፈት አይቀበልም። ቃሉም ሙያውም ያለው በአገራችን ስለሆነ «ወጥሮ ማድረቅ» እንበል።

አንኮበር ለቃላት ጥናትም ባዕድ አይደለችም። ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1839 ከዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር መጥቶ ነበር፤ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱንም እ.ኤ.አ. በ1841 በሎንዶን አሳተመ። እንግዳ ሰው ከሕዝብ አፍ ቃል ለመልቀም ያን ያህል ከደከመ፣ እኛ ቃል ለመፍጠር ከመቸኰላችን በፊት ለማዳመጥ ልንደክም ይገባናል። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ የ1951 ዓ.ም. እና የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. መዛግብተ ቃላትም ሳይገለጡ መቅረት የለባቸውም።

5. ደረቅ ምን ያህል ደረቅ ነው?

ረቂቁ ደረቅ ወረቀትን «ምንም ውሃ የሌለበት» ይለዋል። ከላይ እንዳየነው ግን ጥሩ ወረቀት ከ5 እስከ 8 በመቶ ውሃ አለበት። ይህ ካልቀረለት ይሰባበራል። ስለዚህ «ድርቀት» የሚለውን ለሕክምና ትተን፣ መለኪያውን «የወረቀት ርጥበት» ብለን በቍጥር መስጠት፣ ጥፋቱንም «ከልክ በላይ መድረቅ» ብለን መጥራት ይሻላል።

ደግሞም ትነትን «ውሃ 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚሆነው» ሲል ረቂቁ ትነትን ከመፍላት ጋር አንድ አድርጎታል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 90 ዲግሪን ጥቂት አለፍ ሲል ይፈላል፤ ልብስ ግን ጨርሶ ሳይፈላ ይደርቃል። የቦታው ከፍታ የሚያፈርሰው ብያኔ ብያኔ አይባልም።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ራሳችንን ነጻ አላደረግንም። ከዓመታት በፊት በተሳተፍንበት አንድ የስያሜ ጉባኤ ላይ ለውሃ ማውጣት ሥራ ሁሉ «ማድረቅ» ይበቃል ብለን ድምፅ ሰጥተናል። ያን ጊዜ በጠረጴዛው ዙሪያ አምስት ሊቃውንት ነበርን፤ ወረቀት ሲሠራ ያየ ግን ከመካከላችን አንድ ስንኳ አልነበረም። በወንጂ የወረቀት ፋብሪካ ከተቋቋመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታልና፣ ለመሄድ ፈልገን መንገድ አጣን ማለት አንችልም። የዛሬው ረቂቅ የእኛኑ ስሕተት ወርሶ ሊሆን ስለሚችል ማረሙ የእኛም ዕዳ ነው።

ረቂቁ ከላይ ባሳየናቸው አምስት ነጥቦች ታርሞ፣ ከመታተሙም በፊት በማሽኑ አጠገብ ለሚቆሙ ሠራተኞች ተነቦ አስተያየታቸው ቢጨመርበት፣ ለትምህርት የሚበቃ መጽሐፍ ይሆናል ብለን እናምናለን። «ማጠንፈፍ»ን ወይም «የእንፋሎት ጤዛ»ን የሚተካ የተሻለ ቃል በየአገሩ የሰሙ አንባብያንም ቃሉን ከተነገረበት ቦታና ከአገባቡ ጋር ቢልኩልን በምስጋና እንቀበላለን።