የመጻፍ ችግር ላለበት ተማሪ ደጋፊ መሣሪያ ስለ መምረጥ፤ የአንድ ዘዴ ግምገማ

በጽሕፈት ወደ ኋላ ለሚቀር ሕፃን በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ስም «ሰነፍ» የሚል ነው። ይኸው ሕፃን በቃል ሲጠየቅ ታሪኩን ከመነሻው እስከ መድረሻው አሟልቶ የሚናገር፣ እርሳስ ሲጨብጥ ግን ከሁለት መሥመር የማያልፍ ሊሆን ይችላል። የሚያውቀውን በወረቀት ላይ ማስፈር ባለመቻሉ ብቻ ፈተና ይወድቃል፤ ክፍል ይደግማል፤ ከትምህርት ገበታም ሊለይ ይችላል። በመሆኑም ለእንዲህ ያለው ተማሪ ደጋፊ የጽሕፈት መሣሪያ መምረጥ የዕቃ ግዥ ሳይሆን የትምህርት ውሳኔ ነው።

በዚህ ረገድ በሰፊው የታወቀው ዘዴ አሜሪካዊቷ ባለሙያ ጆይ ዛባላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ያቀረቡት ነው። ዘዴው ተማሪ፣ አካባቢ፣ ተግባር እና መሣሪያ በሚሉ አራት አርእስት ሥር ጥያቄዎችን ይደረድራል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1997 የተሻሻለው ሕግ ለእያንዳንዱ የልዩ ትምህርት ተማሪ ዕቅድ ሲዘጋጅ ደጋፊ ቴክኖሎጂ ማስፈለግ አለማስፈለጉ እንዲታሰብበት ስላዘዘ፣ መሠረት ያለው የአመራረጥ ሥርዓት አስፈላጊ ነበር። የዘዴው ትልቁ ብልጫ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው የመጨረሻውን ስፍራ መያዙ ነው። ዕቃው አስቀድሞ ተገዝቶ ተማሪ በሚፈለግለት ጊዜ፣ ዕቃው በቁም ሣጥን ተቆልፎ መቅረቱ አያስገርምም።

ይሁን እንጂ ዘዴው ሲመረመር ሦስት ጉድለቶች ይታያሉ።

አንደኛ፣ አራቱ አርእስት ጥያቄን እንጂ መለኪያን አይሰጡም። ቻርልስ ማክአርተርና ስቲቭ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት የመማር ችግር ያለባቸው የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች በእጅ፣ በኮምፒዩተርና በቃል በማስጻፍ ታሪክ አዘጋጅተው ነበር። በቃል የተነገሩት ታሪኮች ረዘም ያሉና የተሻሉ ሆነው ሲገኙ፣ በእጅና በኮምፒዩተር በተጻፉት መካከል ግን የጎላ ልዩነት አልታየም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ እርሳስን በመተየቢያ መለወጥ ብቻውን ድርሰትን አያሻሽልም። መሰናክሉ የእጅ ድካም፣ የሆሄያት አለማወቅ ወይስ የሐሳብ አደረጃጀት መሆኑ አስቀድሞ ካልተለየ ምርጫው ግምት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ዘዴው ስለ ቋንቋና ስለ ፊደል ራሱን የቻለ ጥያቄ አያነሳም። ለአማርኛ ተማሪ ግን ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። በሰፊው በሚሠራበት አንደኛው የአማርኛ መተየቢያ «ሰላም» ለማለት አምስት የላቲን ፊደላትን መንካት ያስፈልጋል። በ«ሰ» እና በ«ሱ» መካከል ያለው ልዩነት ገና ያልጠራለት ሕፃን፣ ፊደሉን በተነባቢና በአናባቢ ከፍሎ፣ በሌላ ፊደል ተክቶ እንዲጽፍ መጠየቅ ሸክሙን እጥፍ ማድረግ ነው። ግእዙ ሲነካ ሰባቱን እርባታ የሚያሳይ መተየቢያ ለእንዲህ ያለው ልጅ ይቀርባል። ቃልን ቀድሞ የሚጠቁመው መሣሪያም ቢሆን «መጣ»፣ «አልመጣችም»፣ «እንዲመጡልን» እያለ ቅርፁን በሚለዋውጥ ቋንቋ ብዙ የቃላት ቅርፆችን ካልያዘ ጥቅሙ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጉግል ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠውን አገልግሎት ለአማርኛ ማቅረቡ ተስፋ ሰጪ ነው። ሆኖም ጫጫታ በበዛበት ክፍል የሚፈጠረውን ስሕተት አንብቦ ማረም ያለበት ያው ንባብ የሚከብደው ልጅ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ዘዴው ወላጅ፣ መምህርና ባለሙያ አብረው የሚመክሩበትን ቡድን መነሻ ያደርጋል። የልዩ ፍላጎት ባለሙያ በሌለበት፣ ተማሪው በበዛበት ክፍል ግን ውሳኔው በአንድ መምህር ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዘዴው ለዚህ መምህር በሚያመች መልክ ማጠር ይኖርበታል።

ለዚህም ቀላል ፈተና አለ። ተማሪው ተቀራራቢ ክብደት ባላቸው ሦስት ርእሶች ላይ አንዱን በእጁ ይጻፍ፤ አንዱን እየተናገረ መምህሩ ይጻፍለት፤ አንዱንም በሚታሰበው መሣሪያ ይሞክር። የቃላቱ ብዛት፣ የሐሳቡ ቅደም ተከተልና የወሰደው ጊዜ ይመዝገብ፤ ሙከራውም ለጥቂት ሳምንታት ይደገም። በቃል የተነገረው በልጦ ከተገኘ መሰናክሉ በእጅና በሆሄያት ላይ ነውና መሣሪያ ሊረዳ ይችላል። በቃል የተነገረውም የተበታተነ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው አስቀድሞ ሐሳብን የማደራጀት ትምህርት ነው። መሣሪያው ከተሞከረ በኋላ ለውጥ ካልታየም መተው እንጂ ልጁን መውቀስ አይገባም።

ለማጠቃለል፣ የዛባላ ዘዴ ቅደም ተከተሉ ሊጠበቅ፣ የፊደልና የመለኪያ ጥያቄ ግን ሊታከልበት ይገባል። የዕቅድ ባለሙያዎችም በጀት ከመመደባቸው በፊት የፊደል ገበታ፣ ሰፊ መሥመር ያለው ደብተርና ተጨማሪ የፈተና ጊዜ ምን ያህል እንደሚረዱ ማስመርመር ይኖርባቸዋል። መልሱን የሚያውቅ ልጅ እጁ ስላልታዘዘለት ብቻ እንዳላወቀ እንዳይቆጠር ማድረግ የትምህርት ቤት ተቀዳሚ ግዴታ ነው።