«ገመዱን አላላ» ሲባል የትኛውን? ስለ ሸራ ጀልባ ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

የአንዲትን አነስተኛ የሸራ ጀልባ አሮጌ የብረት ገመዶች አውርዶ በአዲስ ዓይነት ገመድ ስለ ማሻሻል የሚያስረዳ የእንግሊዝኛ መመሪያ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ፣ ገና በረቂቅነቱ ሳለ ለአስተያየት ቀርቦልን ነበር። የረቂቁ ሰዋስው ነቀፌታ የለበትም፤ ዐረፍተ ነገሩም ያማረ ነው። ይሁን እንጂ መመሪያውን አምኖ እጁን ለሥራ የሚዘረጋ አንባቢ የጀልባዋን ምሰሶ በራሱ ላይ ሊጥል ይችላል ብለን እንሠጋለን። ይህን ያልንበትም ምክንያት በረቂቁ ውስጥ ሁሉም ነገር «ገመድ» ስለ ተባለ ነው።

በሸራ ጀልባ ላይ ሁለት ወገን ገመድ አለ። አንደኛው ወገን ምሰሶውን ከፊት፣ ከግራና ከቀኝ፣ እንደ ጀልባዋም አሠራር ከኋላ ወጥሮ የሚያቆመው ሲሆን፣ በጕዞ ላይ እምብዛም አይነካም። ሁለተኛው ወገን መርከበኛው ዘወትር የሚስበውና የሚለቀው ነው፤ ሸራው የሚሰቀለውም ሆነ ለነፋስ የሚገራው በዚህኛው ነው። ነፋስ ሲበረታ የሸራውን መግሪያ ማላላት ጀልባዋን ከመገልበጥ ሊያድናት ይችላል፤ የምሰሶውን መያዣ መፍታት ግን ምሰሶውን ይጥላል። ረቂቁ በሁለቱም ስፍራ የሚለው «ገመዱን አላላ» ነው።

ተርጓሚው በእንግሊዝኛ «ሺት» የሚባለውን የሸራ መግሪያ በአንድ ስፍራ «አንሶላ»፣ ምሰሶውን ከጎን የሚይዘውን «ሽራውድ» ደግሞ «መግነዝ» ማለታቸውን አንባብያን ቢሰሙ ይሥቁ ይሆናል፤ እኛም ሥቀናል። ነገር ግን የሚያሥቅ ስሕተት ብዙ አይጎዳም፤ በጀልባ ላይ አንሶላና መግነዝ ምን ይሠራሉ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋምና። የሚያሠጋው ትክክል መስሎ የሚያልፈው ነው።

ለዚህ ዋነኛው አብነት «ሽቦ» የሚለው ስያሜ ነው። በብዙ ትንንሽ የሸራ ጀልባዎች ላይ ምሰሶውን የሚይዘው 19 የማይዝጉ የብረት ሽቦዎች በአንድነት ተገምደው የሚሠሩት ገመድ በመሆኑ፣ ተርጓሚው በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ነገሩን «ሽቦ» ብለው ሰየሙት። እስከዚህ ድረስ አልተቸገሩም። የመመሪያው ዓላማ ግን ይህንኑ ብረት ዳይኒማ በሚል የንግድ ስም በሚታወቅ ሰው ሠራሽ ክር መተካት ነው። ይህ ክር የኔዘርላንዱ ዲ.ኤስ.ኤም. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ማምረት የጀመረው ሲሆን፣ በእኩል ውፍረት ሲነጻጸር በጥንካሬ ከብረቱ አያንስም፤ ክብደቱ ግን በውኃ ላይ እስከ መንሳፈፍ የቀለለ ነው። ከምሰሶው ላይ የሚቀነስ ክብደት ሁሉ ትንሽ ጀልባ እንዳታጋድል ስለሚረዳት የማሻሻሉ ጥቅም ግልጽ ነው። ታዲያ ቁሱ ሲለወጥ ስያሜው ምን ይሁን? ረቂቁ በአራተኛው ምዕራፍ «የክር ሽቦ» የሚል ስም ወልዷል።

ሙያዊ ስያሜ በተቻለ መጠን ከቁሱ ሳይሆን ከተግባሩ ሊነሣ ይገባዋል የምንለው እንዲህ ያለው ችግር እንዳይደርስ ነው። የክራርን ነገር እናስታውስ። ቀድሞ ከእንስሳ አንጀትና ጅማት ይሠራ የነበረው በኋላ በናይለንና በብረት ተተክቷል። «ጅማት» የሚለው ስም ለብረቱ ሲነገር ያነክሳል፤ «አውታር» የሚለው ግን ተወጥሮ የመያዝን ግብር እንጂ ቁስን ስለማያመለክት ሳይናወጥ ቆይቷል። ድንኳንንም ከካስማው ጋር የሚያያይዘው አውታር ነው። የጀልባው ምሰሶ የሚቆመውም በዚሁ ዘዴ ስለ ሆነ «የፊት አውታር»፣ «የጎን አውታር»፣ «የኋላ አውታር» ብንል ብረቱ ወጥቶ ክር ቢገባ፣ ነገም ሌላ ነገር ቢተካ ስሙ አይዋሽም። አውታር ዛሬ ለመገናኛ መረብ መነገሩ እንቅፋት ይሆናል የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን «የፊት» እና «የጎን» የሚሉት ቅጽሎች አሻሚነቱን ያስወግዱታል ብለን እናምናለን።

ለሸራው መግሪያ «ዛብ» የሚለውን እናቀርባለን። በእጅ ተይዞ የሚጠብቅና የሚላላ፣ ኀይልን የሚገራ በመሆኑ ከበቅሎው ዛብ ጋር ግብሩ አንድ ነው። (ከመካከላችን አንዱ ቃሉ ኮርቻ ኮርቻ ይሸታል ብሎ ተቃውሟል።) ሸራውን ወደ ላይ የሚስበው «ሸራ መስቀያ» ቢባል ማንም አይስተውም።

«ምሰሶ» ላይ ግን አልተስማማንም። የቤት ምሰሶ ጣራ ይሸከማል፤ የጀልባው ራሱ በሌላ ተይዞ የሚቆም ነው። ግዕዝ ለዚህ «ደቀል» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ ዐረብኛውም ይህንኑ ቃል ይጋራል። ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 27 ጢሮስን በመርከብ መስሎ ጣውላዋን፣ ሸራዋንና መቅዘፊያዋን እየለየ ስለሚዘረዝር፣ የመርከብ ክፍሎችን የመሰየም ግዴታ በተርጓሚዎቻችን ላይ የወደቀው ዛሬ አይደለም። የጣና ታንኳ ከደንገል ተሠርታ በዘንግና በመቅዘፊያ የምትሄድ በመሆኗ በዚህ ረገድ ብዙ አታበድረንም፤ ሀገራችንም ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ባሕር ጠረፍ ስለ ቀረች የጠረፉ አነጋገር ርቆናል። ስለዚህ ተርጓሚው የተረሳውን «ደቀል» ቢያነሡት እንመርጣለን።

ረቂቁ «ማሰር» ያለውም መታረም አለበት። አዲሱ ክር አሟላጭ ነው፤ ቋጠሮም ጥንካሬውን ክፉኛ ይቀንሰዋል። ስለዚህ አይቋጠርም፤ ጫፉ ተመልሶ በራሱ ውስጥ ይሰገሰጋል። ለዚህ ሥራ ቋንቋችን «ማጋመድ» የሚል ዝግጁ ግሥ አለው።

«መለጠጥ» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለት ፅንሰ ሐሳቦችን ተሸክሟል። ክሩ ሲሳብ ረዝሞ ሲለቀቅ መመለሱ አንድ ነገር ነው፤ ለረጅም ጊዜ ተወጥሮ በመቆየቱ ቀስ በቀስ ረዝሞ አለመመለሱ ሌላ ነው። የክሩ ውፍረት የሚመረጠው ይህን ሁለተኛውን ጭምር ተመልክቶ እንጂ በመበጠሻ ኀይሉ ብቻ ስላልሆነ፣ ለመጀመሪያው «መለጠጥ»፣ ለሁለተኛው «አዝጋሚ መርዘም» ይባል።

በመጨረሻም «ማደስ»፣ «መተካት» እና «ማሻሻል» በረቂቁ ውስጥ እየተቀያየሩ ገብተዋል። ያረጀውን ብረት አውጥቶ ያንኑ ዓይነት ብረት ማስገባት መተካት ነው፤ ማሻሻል ሲሆን ግን አውታሩ የሚያርፍባቸው የብረት ዕቃዎችም አብረው ይመረመራሉ፤ አሮጌው ሽቦ የሻከረው ጠርዝ ክሩን ይበላዋልና። በረቂቁ ገጽ 31 ላይ «አውታሩን ካደሱ በኋላ በነበረበት ያስገቡ» የሚለው «አውታሩን ከማሻሻልዎ በፊት የሚያርፍበትን ጠርዝ ሁሉ አለስልሱ» ተብሎ ይስተካከል።