መከታው ምን በልቶ ይቆማል?

በዚህ ዓምድ ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥምና ስለ ቴአትር ስንጨዋወት ከርመን፣ ዛሬ ስለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ላወራ ብነሣ «ሐያሲው ሥራ ፈታ!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔም ብሆን እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ ጨዋታን ከኪነ ጥበብ የምቆጥር ሰው አልነበርሁም። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የማንም ክርክር አይደለም፤ ከራስ እስከ እግሬ ብረት ለብሼ ረግረግ ውስጥ በሁለት ምት መሞቴ ነው።

ጨዋታው «ቫልሃይም» ይባላል። ሾቭዴ በምትባል የስዊድን ከተማ «አይረን ጌት» በሚል ስም የተሰባሰቡ አምስት ሰዎች ሠሩት፤ ገና ያላለቀ መሆኑን ሳይደብቁ በጥር 2013 ዓ.ም. ለገበያ አቀረቡት፤ በአንድ ወር ገደማ 5 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ታሪኩ አጭር ነው። በጦር ሜዳ የወደቀ የጥንት ስካንዲኔቪያ ተዋጊ፣ ኦዲን የተባለው አምላካቸው ጠላቶቹን ወዳጋዘበት ምድር ይላካል፤ አንድ በአንድ እንዲጥላቸው። የሚደርሰው ባዶ እጁን ነው። እንጨት መልቀም፣ ጎጆ መቀለስ፣ ንብ ማነብ፣ ማረስ፣ ማብሰል አለበት። እስከ 10 ሰው በአንድ ዓለም ውስጥ አብሮ መኖር ይችላል፤ ብቻውን የሚዘልቅም አለ።

እኛ ሦስት ነን። የእህቴ ትልቁ ልጅ ስቶክሆልም ይኖራል፤ ታናሽ እህቱ እዚሁ አዲስ አበባ ናት፤ ሦስተኛው እኔ፣ መነጽሬን እየወለወልሁ የምከተላቸው አጎት። መብራትና ኢንተርኔት ከፈቀዱ ቅዳሜ ማታ እንገናኛለን። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ከፊት የሚቆመው ልጁ ነበር፤ ዱላ ሲመጣ የሚቀበል፣ እኛ ከኋላው ቀስታችንን እንድናነጣጥር ፋታ የሚሰጥ። ተጫዋቾች ይህን ሰው «ታንክ» ይሉታል። ቃሉን አልወደድሁትም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ታንክ በአዲስ አበባ ጎዳና ሲያልፍ መስኮት ዘግቶ ያዳመጠ ሰው፣ ታንክ ማለት ከኋላው የሚጠለሉበት ነገር ነው ቢሉት አይዋጥለትም። ደግሞስ የተሻለ ቃል እያለን? መከታ። ግሱ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ መመከት።

አንድ ቅዳሜ ልጁ ዘግይቶ ገባ። ሌሊቱን ሲሠራ ነበር ያደረው። የእናቱን የቤት ኪራይና የእህቱን የትምህርት ክፍያ የሚሸፍነው እሱ መሆኑ በአፍ አይወራም እንጂ ሁላችንም እናውቃለን። «ጋሼ፣ ዛሬ ጋሻውን አንተ ያዝልኝ፤ ደክሞኛል» አለኝ። ጋሼ ማለት ጋሻዬ ማለት መሆኑን ከዚያ ማታ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ያዝሁ። እንደማንኛውም ጀማሪ ጽናት ከብረት ይመጣል ብዬ፣ በሣጥናችን ያለውን የብረት ልብስ ሁሉ ደረብሁና ረግረጉ ውስጥ ገባሁ። ሆዴ ባዶ ነበር። በቫልሃይም ምንም ያልበላ ሰው የሕይወቱ መጠን 25 ብቻ ነው። ድራውግር የሚሉት የሚራመድ ሬሳ መጥረቢያውን ሁለት ጊዜ አነሣ። ትንሿ «ጋሼ፣ ምን በልተህ ነው የገባኸው?» ብላ ስትጠይቀኝ እኔ ሰፈራችን አልጋዬ ላይ ነቅቻለሁ፤ ብረቴ ሁሉ ግን ረግረጉ ውስጥ ከመቃብሬ ጋር ቀርቷል።

ጥያቄዋ የዚህ ጨዋታ ቁልፍ ነው። በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ገጸ ባሕርይው ደረጃ በደረጃ ሲያድግ ሕይወቱም አብሮ ይበረክታል፤ አንዴ ያገኘውን አይነጠቅም። እዚህ ግን ሕይወትህ የበላኸው ነው። በአንድ ጊዜ የሚያዘው 3 ዓይነት ምግብ ብቻ ነው። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ከወጣው ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ ምግቦቹ በግልጽ ተለያይተዋል፤ አንዳንዱ ሕይወት ያበዛል፣ አንዳንዱ ትንፋሽ። ቀስተኛዋ ትንፋሹን ትመርጣለች። መከታ ሊሆን የሚሻ ሰው ሁለቱን ቦታ፣ ከደፈረም ሦስቱንም፣ ሕይወት ለሚያበዛው ይሰጣል፤ ቋሊማ፣ የባሕር ዘንዶ ወጥ። ዘንዶውን በጀልባ ወጥቶ ማደን ያስፈልጋል፤ ሥጋው ከእንጉዳይና ከማር ጋር ይሠራል። (የቋሊማው ሆድ ዕቃ ከማን ሬሳ እንደሚወጣ ለአንባቢ ባልናገር ይሻላል።) የበላኸውም እየቆየ ኃይሉ ይደክማል፤ ሲደክም ሕይወትህም ይጎድላል። እንግዲህ መከታነት ማዕረግ አይደለም፤ በየግማሽ ሰዓቱ የሚታደስ ነገር ነው።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ምት በጋሻ ስትቀበል ጋሻው ያላቆመው ትርፍ ይጠራቀምብሃል፤ ሲሞላ ትንገዳገድና ለሚቀጥለው ምት ደረትህን ሰጥተህ ትቆማለህ። ያ ማጠራቀሚያ የሚሰፋው በሕይወትህ መጠን ልክ ነው። የበላ ሰው ቶሎ አለመሞቱ ብቻ ሳይሆን እግሩም ይጸናል ማለት ነው። ብረቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን እርምጃህን እየጎተተ። ልብሱም እንደ አገሩ ነው። ተወግቶ የሚገባውን ለመቋቋም ከሥር የተሠራው ጥሩር ይሻላል፤ እሳት ያለበት ግን እንዳትደርስ። ከመነሣትህ በፊትም ጣራ ሥር እሳት ዳር ማረፍ አለብህ፤ ያረፈ ሰው ቁስሉም ትንፋሹም ቶሎ ይመለሳል። መርዝ ላለበት ረግረግ ደግሞ «ሚድ» ያስፈልጋል። ሚድ ያሉት የእኛው ጠጅ ነው። የምትጥለው ትንሿ ናት።

ይህን ዝርዝር የማበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ለዘመናት በሠራናቸው ድርሰቶች ጀግናው ጦሩን ሰብቆ ሲወጣ እናየዋለን፤ ስንቁን ማን እንደቋጠረለት ግን ደራሲው አይነግረንም። ወደ ዓድዋ የዘመተውን ሠራዊት እያበሰሉ የተከተሉት ሴቶች በስንት ድርሰት ውስጥ ገጸ ባሕርይ ሆነዋል? ቫልሃይም፣ ከእንዲህ ያለ ነገር ከማልጠብቀው ቦታ መጥቶ፣ የጀግናውን ሕይወት ከድስቱ ጋር በቁጥር አሰረው። ድስቱን ረስቶ የወጣ ጀግና 25 ነው።

ጉድለት የለውም አልልም። ብዙዎች የሚያነሡትን ግን አልቀበልም። በሌሎች ጨዋታዎች መከታው ጠላትን ተሳድቦም ሆነ ጮኾ ወደ ራሱ የሚስብበት ዘዴ ይሰጠዋል፤ እዚህ የለም። ያለህ አማራጭ በጠላትና በወዳጅ መካከል ገብቶ መቆም ነው፤ ወዳጅህም ከኋላህ ለመቆየት መፍቀድ አለበት። ይህን ወድጄዋለሁ። ያልወደድሁት ትልቁ ጋሻ ነው። ቁመት ሙሉ የሚሸፍነው ጋሻ ብዙ ይመክታል እንጂ ምትን መልሶ መጣል አይችልም። ትንሹን ክብ ጋሻ የያዘ ቀልጣፋ ሰው ግን፣ ምቱ ሊያርፍ ሲል በቅጽበቷ ካነሣው፣ ጠላቱን አንገዳግዶ ለሰይፍ ያመቻቸዋል። ማዕዱን እንዲያ አሳምሮ የዘረጋ ጨዋታ፣ ሽልማቱን ለታጋሹ ሳይሆን ለቀልጣፋው መስጠቱ ከራሱ ሐሳብ ጋር ያጣላዋል።

የባሰው የሞት ሕግ ነው። ለሞትህ ቁጥር ከእያንዳንዱ ችሎታህ 5 በመቶ ይቀነስብሃል። ከፊት የሚቆም ይበልጥ እንደሚሞት ግልጽ ነው፤ ከኋላው ቆሞ የተረፈው ቀስተኛ ግን ችሎታው እየጨመረ ይሄዳል። በኋላ ቅጣቱን ማላላት የሚቻልበት ምርጫ ተጨምሯል፤ መነሻው ሕግ ግን ይኸው ነው። «ይሄ ግፍ ነው» ብዬ ለልጁ አማረርሁ። ሳቀ። «ጋሼ፣ ጨዋታው እኮ አልተሳሳተም» አለኝ። ከሄደ ወዲህ ትምህርቱን ሁለት ጊዜ አቋርጧል፤ ትንሿ በሚቀጥለው ዓመት ትመረቃለች። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም ብለን እንጨት ቆረጥን።

አሁንም ሕጉን እቃወማለሁ። የልጁ ዓመታት እንዲያ የሄዱት ማንም ቁጭ ብሎ ደንግጎት አይደለም፤ ይህን 5 በመቶ ግን ሾቭዴ ውስጥ አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መርጦታል፤ ሌላም መምረጥ ይችል ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ቦንማስ ሄድን፤ አጥንትና አተላ ተላቁጦ የቆመ የረግረጉ ጌታ ነው። ዱላ እንጂ ሰይፍ ብዙም አይጎዳውም። ሲወድቅ ለጥቂት ደቂቃ ገላን የሚያጸና ኃይል ይሰጣል፤ ኃይሉ አጠገብህ ላለውም ይተርፋል። ጋሻው አሁንም በእኔ እጅ ነበር። ልጁ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድስቱ ዘንድ ቀርቶ ሲያበስል አመሸ፤ ጦርነቱ መሀል ደረሰ። እኔ ጀርባዬን ለዛፍ ሰጥቼ፣ ትንሿ ከኋላዬ ቆማ።

«ጋሼ፣ ስንት ቀረህ?»

«ዘጠኝ።»

ቋሊማውን እግሬ ሥር ጣለልኝና ዱላውን ይዞ በጎኔ አለፈ።